ሁለት ዓይነት ቅላት

ማራኪ ግቢ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፤ መብራት ሄዶ መጣ፤
ያ የሩቅ ዘለላ ከጨለማው መስኮት ተመልሶ ወጣ።
አንድ ሺህ ጋላክሲ፣ እንደ ወይን ፍሬ ባንድ ሐረግ ታዝሎ፣
ብርሃኑ ደረሰኝ አምስት ቢሊዮን ዓመት መንገድ ላይ ውሎ።

ሥራዬ ቀለም ነው።
ስንቱ ሰማያዊ፣ ስንቱ ቀይ ነው ብሎ መቍጠር፣
ቆጥሮም ከጎረቤት፣ ከቅርቦቹ ጋራ ማነጻጸር።
የቅርቦቹ ቀልተዋል፤ ወልደው ጨርሰዋል፤
ፍማቸውን ታቅፈው ዝም ብለዋል።
የሩቆቹ ግና (ሩቅ ማለት ጥንት ነው እኔ ሥራ ላይ)
ገና ሰማያዊ፤ ኮከብ ይወልዳሉ በላይ በላይ።

ምን አቀላቸው?
ተማሪዎቼን ቅዳሜ ገበያ እወስዳለሁ፣ በቃል፤
«ጠባቡ መተላለፊያ፣ እኩለ ቀን፣ ሰው ሰውን ይገፋል፤
ገብቶ የወጣው ሰው ትከሻው ላይ ነጠላ የለም።
ጋላክሲም እንዲሁ ነው። ብቻውን ሳለ ይኖራል ጋዙን ደርቦ፤
እየተንደረደረ ዘለላው ውስጥ ሲገባ በስበት ተስቦ
ትኩሱ አየር ይገፈዋል።
የተገፈፈ አይወልድም። ሰማያዊ ኮከብ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤
ቀድሞ ይሄዳል፤ ቤት የሚጠብቀው ቀዩ ነው።»
እንየው፣ የጭልጋው ልጅ፣ ከኋላ ወንበር ሳቀ፦
«መምህርት፣ የኔም ጋቢ እዚያው ገበያው ላይ ነው የወደቀ።»

ግን ቅላት ሁለት ነው።
አንዱ የዕድሜ፤ ሌላው የመንገድ፣
ብርሃን በሚለጠጥ ሰማይ ብዙ ሲሄድ።
የመንገዱን ቀንሼ የዕድሜውን ካልለየሁ
ሕፃኑን ሽማግሌ ብዬ እመዘግባለሁ።

አራዳ፣ እናቴ ቤት፣ ከራስጌው ኮመዲኖ ላይ
አንድ ፎቶ አለ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፦
ፋሲል መዋኛ፣ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣
ሥሩ ግንቡን ካቀፈው ዛፍ ሥር ወንድሜ አዛናው ቆሟል።
እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው።
ሸሚዙ ቀይ ነው።
«ሰማያዊ ነበር» ትላለች እናቴ።
«እማ፣ ይኸው፣ ቀይ» እላለሁ፣
ውኃውም ቀይ፣ ግንቡም ቀይ፣
ከበላዩ ያለው ሰማይ እንኳ ቀይ መሆኑን ሳላይ።
ሃያ ዓመት እንዲህ ተከራከርን።

ዛሬ ሌሊት፣ አንዱን ቅላት ካንዱ ስቀንስ፣
እጄ ቆመ።
ፎቶ ቤቱ ያላጠበው፣ ፀሐይ ያላነካችው ቅጂ አለ፤
ከዚያች ውኃ ዳር የነጠረው ብርሃን
እስካሁን መንገድ ላይ ነው፣ አርባ ምናምን ዓመት ርቆ፣
ከጥቂትም ጥቂት ሆኖ፣ ማንም እጁን ዘርግቶ የማይቀበለው።
እዚያ ሸሚዙ አልደበዘዘም።

ሲነጋ በአንገረብ በኩል ዞሬ ወረድኩ።
እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።
«እማ፣» አልኳት፣ «ሰማያዊ ነበር።»
ቀና አላለችም።
«ጨርቁን የመረጥኩት እኔ፣ የሰፋሁት እኔ፤
አንቺ ደግሞ ከማን ሰማሽ?»