አንድ ክንድ ውሃ

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ አሽቀሎን ወደቡ፣
የግሪሻ ሞተር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
መብራቶች በውሃው ላይ ሲንጠባጠቡ፣
«ና ግባ፣ መኳንንት!» አለኝ።
እግሬን አነሣሁ።
በድንጋዩና በጀልባው መካከል
አምና አንድ ክንድ ውሃ ነበር።
ዘንድሮስ? እንጃ።
ያ ሁሉ በረሃ ያልበገረው ጉልበት
ለአንድ ክንድ ውሃ ድርድር ጠየቀ።

ትልቁ ዓሣ መሃል ነው፣ አውቃለሁ፤
ትከሻዬ እስኪገነጠል ስቤዋለሁ።
ግን መሃል ባሕር ላይ ሽንትም በተራ ነው፣
የመመለሻው ሰዓት የባለጀልባው ነው።

ዳሩም ቢሆን ደግ አይደለም፤
የማዕበል መግቻው ድንጋይ
አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ያንሸራትታል።
ዘንግ፣ ባልዲ፣ ወንበር፤ ሦስት ምልልስ።
መንጠቆዬን ስንጥቁ ይውጠዋል።
ሲቀናኝ ሁለት ቡሪ፣ መዳፍ የማይሞሉ፤
እነሱንም ድመቶች ቀድመው ይቆጥራሉ።

«ዳር ያለ አይሰምጥም» ትላለች ሚስቴ ይታይሽ።
«ዳር ያለ አይጠግብም» እላታለሁ።
ትስቃለች፤ ቡሪውን ግን አገላብጣ ታየዋለች።

«ምነው ቆምክ?» አለ ግሪሻ።
«ጉልበቴ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።
ዝም አለ። ሞተሩን አጠፋ።
«ዛሬ ነፋስ አለ» አለ፤
የጀልባው ባንዲራ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።
ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፣
እንዳወጣው።
እጁ እንደ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤
ሁለታችንም አላየንም።

ሳብኩት።
ዘንድሮ ከባሕር ያወጣሁት
ትልቁ እሱ ነው።