ዝቅ ያለ ፈርጥ

ማክሰኞ ነው፣ ዝናብ። የፖርቶ ድንጋይ መንገድ ያብለጨልጫል፤
ትራሙ ሽቅብ ሲወጣ፣ የመስኮቴ መስታወት ይንጫጫል።
ሁለት ሰው ገባ ከሱቄ፤
ቀና አልኩ ከሥራዬ፣ ማጉያ መነጽሬን አውልቄ።

እሱ፣ ዜፈሪኖ፣ የትራም መካኒክ፣ ጥፍሩን የሞላው ግራሶ፤
እሷ፣ ዴኦሊንዳ፣ ከሰርዲን ፋብሪካ፣ ሽታው ከሽቶዋ ጋር ተላውሶ።
«ያንን» አለኝ እሱ፣ በጣቱ እያሳየ፤
አልማዝ ነው፣ በስድስት ጥፍር ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ ሰማይ ሰማይ ያየ።
የሦስት ወር ደሞዙን ሲቆጥብ እንደኖረ
ኪሱን ሲዳብስ አወቅኩ፤ ፖስታው እዚያ ነበረ።

እሷ ግን ዝም አለች።
እጇን፣ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው፣ መዳፏን ገልብጣ ሰጠች።
ጨው የበላው ቆዳ። አመልካች ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ፤
አንጓዋም ያበጠ፣ ቀን ሙሉ ከበረዶ ውስጥ ዓሣ ስታነሳ።
«በቀን ስንት ጊዜ ነው ጓንት የምትቀይሪ?»
«እንጃ፤ ሃያ? ሠላሳ? እኛ ጋ ዓሣ እንጂ ጓንት የለውም ቆጣሪ።»

አሮጌ ናይለን ካልሲ አወጣሁ ከመሳቢያዬ፤
«ቀለበቱን አድርጊና በዚህ ላይ ዳብሺ» አልኳት፣ «ይኸው ነው መለኪያዬ።»
ዳበሰች። ያዘ።
ክሩ ተተረተረ፤ አልማዙ እንደ ድመት ጥፍሩን መዘዘ።

«አየህ» አልኩት ልጁን፣ «ዓሣው ቅርፊት ይተዋል ከሥሩ፤
ጓንቱ ይቀደዳል፤ አንድ ቀን ይላላል ጥፍሩ፤
ከዚያ ያንተ ሦስት ወር፣ በቲማቲም ድልህ ታሽጎ፣
የማያውቅህን ሰው ጥርስ ሊሰብር ይሄዳል፣ ባሕር ማዶ ጉዞ አድርጎ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ፤ ጆሮው ቀላ።
ያኔ ሌላውን አመጣሁ፣ ማንም የማይጠይቀኝን፣ ከኋላ።
ዝቅ ያለ ነው። ጥፍር የለው፣ ትከሻ የለው፤
ወርቁ ዙሪያውን እንደ ክፈፍ፣ እንደ ጉድጓድ አፍ ከቦ የያዘው።
ድንጋዩ ሰንፔር፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፤
ብርሃን ከላይ ብቻ የሚጠጣ፣ ከጎን የማያብለጨልጥ።

ዜፈሪኖ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄማ
የሸሚዝ ቁልፍ ነው» አለ። አልዋሸም። ቁልፍማ
ይመስላል።
ሰው ለመስታወት ይገዛል፤ ጣት ግን ውሎ የሚያድረው በሥራ፣
ከሊጥ፣ ከሳሙና፣ ከበር እጀታ፣ ከልጅ ፀጉር ጋራ።

ፊሎሜናን፣ ነፍሷን ይማር፤
ቀለበቷን ስሠራ ልጅ ነበርኩ፣ ጥፍር ማቆምን ገና ስማር።
ስምንት አቆምኩለት፣ እንደ ዘውድ፣ እንደ ማማ፤
እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ክር ጎተተባት፣ ሐር ቀደደባት፣ አልተስማማ።
አንድ ቀን አወለቀችው፤ ከመርፌ ቆርቆሮዋ ከተተችው፤
«እሁድ እሁድ አደርገዋለሁ» አለች፤ እሁዶቹን ማን ቆጠራቸው?
አርባ አንድ ዓመት። አዲስ እንደሆነ፣ ሳይጫር፣ ሳይደበዝዝ፣
አገኘሁት ከሸሚዝ ቁልፎች መሃል፣ ጣት አጥቶ ሲቀዘቅዝ።

ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ነጋዴ ነኝ፤ ሌላ ሌላ አወራሁ፤
ጣት ማታ እንደሚያብጥ፣ ያኔ መለካት እንዳለበት፣ እንደ ሐኪም አብራራሁ።
እሷ ዝቅ ያለውን አጥልቃ፣ ካልሲውን ዳበሰች፤
ምንም። ጓንቷን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀች፤ አወለቀች፤ ደገመች።
«ይህን» አለች። ሌላ ቃል የላት።
ከፖስታው ግማሹ ተረፈ፤ «ምድጃ እንገዛበታለን» አላት።

ዓመት አልፎት ይሆናል። ትራም ላይ፣ ሰው ተጨናንቆ፣
አንድ እጅ አየሁ ከፊቴ፣ የብረቱን ዘንግ አንቆ።
ፊቷን ሰው ጋርዶብኛል፤ ሥራዬን ግን አውቃለሁ፤
ክፈፉ ተጭሯል፣ ወርቁ ደብዝዟል፤ ስድስት ጭረት አያለሁ።
ሰንፔሩ ከቦታው ነው። ከጎኑ፣ ከጣቷ አንጓ ላይ፣
ውኃ የረሳው አንድ የሰርዲን ቅርፊት፣ ትራሙ ሲዞር ወደ ፀሐይ፣
ከኔ ድንጋይ ይልቅ አበራ።
መውረጃዬ አለፈኝ፣ እሱን ሳይ።