ቤት የመታ ሰፈር

«ፖሙን ወጥተህ ና፤ ሊፍቱ ዛሬም ሞቷል»
የዊልፍ ታራንት ድምፅ በበሩ ስልክ ያስላል።
መድኃኒቱን ይዤ ቆምኩ፤ ዛፍ የለ፣ ፍሬም የለም፤
ስምንት ፎቅ ደረጃ ነው፣ ሽንትና ትኩስ ቀለም።

ላቤን ስጠርግ ሳቀ፤ ሻይ እያማሰለ፣
«የምሥራቅ ለንደን ልጅ ቃል አያባክንም» አለ፤
«ፖምና ፒር እንላለን፤ ፒሩ በኛ ቋንቋ
ከደረጃ ጋራ ቤት ይመታል በቃ፤
ቤት መቺው ይጣላል፣ ፖሙ ብቻ ይቀራል፤
ፖሊስ ጆሮ ቢጥል ምን ብሎ ይከሳል?»

ያገሬ ባለቅኔ ወርቁን ከሰም ሥር ይቀብራል፤
ያገኘው ያገኘዋል። ይኸ ሰፈር ግን ይጥላል፤
ደሃ ሆኖ ወርቁን ሜዳ ላይ በትኖ፣
ሰም ይዞ የሚሄድ፣ በሰሙ ተማምኖ!

አባቱ የወደብ ቀን ሠራተኛ ነበር፤
ማለዳ ተኮልኩሎ ከግቢው በር፣
የካቦው ሌባ ጣት እስኪቀሰርበት።
ሰኞ ሰኞ እናቱ ሱፉን ጠቅልላበት
ወለድ አገድ ትሰጣለች፤ ቅዳሜ ታስመልሳለች፤
«ሱፉ ከለባሹ ይልቅ መንገዱን ያውቃል» ትላለች።
«ዳቦና ማር» ገንዘብ ነው፤ ማሩ እንደ ደንቡ ይጣላል፣
ዳቦው ይቀራል። እነሱ ቤት ግን ዳቦውም ሐሙስ ያልቃል።

ከዚያ አንድ የመስከረም ሌሊት ሰማዩ ራሱ ገጣሚ ሆነና
ቤት መታ።
የአዳ ፕሪቸትን፣ የልብስ ሰፊውን የሌቪንስኪን፣
ደግሞ የጥጉን መጠጥ ቤት መታ።
ሲነጋ የነዊልፍ ቤት የለም። ደረጃው ግን ቆሟል፤
አሥራ አንድ እርከን፣ ወደ ባዶ ሰማይ ይወጣል።
እናቱ አመዱን ከቅንድቧ እየጠረገች፣
«ፖሙ ብቻ ቀረ» አለች፤ ሳቀች፤ ቁጭ አለች።

ፍርስራሹን ጠርገው ፎቅ ሰጧቸው፣ ሊፍት ያለበት፤
«ፖም» የሚለው ቃል ሥራ ፈታ ለብዙ ዓመታት፤
ሊፍቱ ሲሞት ብቻ ይነሣል፣ እንደ ዛሬው ያለ ዕለት።

ጓደኛ ደግሞ «የቻይና ሳህን» ነው፤ ሳህኑ ይጣላል፣
«ቻይና» ብቻ ይቀራል።
የዊልፍ ቻይና ኧርኒ ሆብዴይ፣ የዓሣ ገበያ ተሸካሚ፣
አርባ ዓመት በረዶ በጭንቅላቱ የተሸከመ፣
የካቲት ላይ ሞተ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም።
ዊልፍ ዛሬም ሁለተኛ ኩባያ ያስቀምጣል፤
ውሃው ሲፈላ ወደ ኮሪደሩ «ቻይና!» ብሎ ይጣራል።

እኔ በኔ ቋንቋ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤
«ቻይ፣ ና!»
አንተ በረዶውን የቻልክ፣ ካቦውን የቻልክ፣ ና፤ ሻይ ነው።

ነገርኩት። አሰበበት፣ ድዱን በምላሱ እየዳሰሰ፤
«ጥሩ ነው» አለ፣ «ታዲያ ቤት መቺው የት ደረሰ?»
መልስ አልነበረኝም። የማንም ያልሆነው ሻይ ቀዘቀዘ፤
ተሰናብቼው፣ እጄ የብረቱን ድጋፍ እንደያዘ፣
ፖሙን ወረድኩ።