አራተኛው እንጨት

እሑድ ነው፣ ሰኔ ነው፣ ሃሚልተን ጭር ብሏል፤
የብረት ፋብሪካው ከሐይቁ ግንባር ላይ ጭሱን ጠምጥሟል።
ባርተን ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ ቁጥር ሁለት፣
አሥራ አንድ ሰው ጭኜ፣ አራት ደቂቃ ያህል ተቀድሜ በሰዓት፣
ፖሊሱ እጁን ሲያነሣ
አንዴ በረጅሙ ተንፍሶ ቆመልኝ ይህ ግዙፍ እንስሳ።

መጡ።
ከፊት አንድ ጎረምሳ፣ መስቀሉ የከበደው፣
ከነጭ ቀሚሱ ሥር ቀይ የኳስ ጫማው የሚታየው፤
ቀጥሎ ሕፃናት፣ ቅርጫት አንጠልጥለው፣
በአስፋልቱ ላይ ጽጌረዳ በትነው፤
አንዷ ብቻ የበተነችውን መልሳ የምትለቅም፤
ቆጥቢ ተብላ ይሆናል፤ ጽጌረዳ በሰኔም ርካሽ አይደለም።

ከዚያ ጸሎት፣ በሦስት ቋንቋ፣
ድምፅ ማጉያው እያነቀው፣ አንዴ ሲተኛ አንዴ ሲነቃ።
ከዚያም ድባቡ፣ በአራት እንጨት የተወጠረ፣
ከሥሩ ቄሱ፣ ዓይኑ ከያዘው ወርቅ ላይ ያልዞረ፤
በወርቁ መሀል፣ ከመስታወት ጀርባ፣ አንዲት ክብ ነጭ ኅብስት፣
እነሱ «ጌታችን» የሚሏት፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ደግሞ «ብስኩት»።

ዌንደል ነው ስሙ። ሁልጊዜ ሦስተኛው ወንበር፣ ሁልጊዜ ብሶት፤
ዛሬ ጭኑ ላይ በከረጢት የታሸገ አራት ሊትር ወተት።
«ጸሎት ቤት ውስጥ አይሆንም? መንገድ መዝጋት ምን ይባላል?
ጌታቸው ፀሐይ ይሙቅ ተብሎ የኔ ወተት ይበላሻል?»
ሁለት ሰው ሳቀ።
እኔም፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣
በመስታወቱ አይቼው ፈገግ ብያለሁ።

አንዲት ሴት በመስኮቴ መጣች፤ ደረቷ ላይ «ማሪቼል» ይላል፤
የላስቲክ መቁጠሪያ ዘረጋችልኝ፤ እንደ ከረሜላ ያብለጨልጫል።
«ማተብ አለኝ» አልኳት፣ አንገቴን አሳየሁ።
«ይሄ ለኪስህ ነው» አለች። ምን እላለሁ? ተቀበልሁ።

ይሄኔ ነው የኋለኛው የግራ እንጨት መንቀጥቀጥ የጀመረው።
ያዡ ሽማግሌ ነው፤ ሱፉ የሠርጉ ይመስላል፤
አርባ ዓመት ብረት ያቀለጠ እጁን ዛሬ እንጨት አቃተው።
ድባቡ ወደ ቄሱ ራስ ዘመመ፤
ቄሱ ቀና አላለም፤ ሽማግሌው ግን አንዴ ዓይኑን ጨፈነና ቆመ።

«ክፈት» አለኝ ዌንደል፣ በሩን በመዳፉ መትቶ።
ከፌርማታ ውጪ በር መክፈት በደንቡ ክልክል ነው።
ከፈትኩ። ወረደ፤ ወተቱን ወንበር ላይ ትቶ።
«አምጣው ወዲህ፣ አንተ ሰውዬ፣ እዚሁ ልትሞት ነው እንዴ?»
ተሳደበም መሰለኝ፣ ሁለቴ፣ ወይም አንዴ።
ማንም «ታምናለህ ወይ?» አላለው፤
«ከፍ አድርገው» ብቻ ነው የተባለው።

አለፉ። ሽማግሌው የዌንደልን እጅጌ ይዞ፣
ድባቡ ቀና ብሎ፣ በተዘጉት ሱቆች መሀል ተጉዞ፣
በጎማ ቤቱ ጥግ ታጠፉ። ፖሊሱ ሂድ አለኝ፤ ሄድኩ።
አበባውን ላለመርገጥ ሞከርኩ፤ ጎማዬ ሰፊ ነው፣ አልቻልኩ።
ወተቱ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ብቻውን ተጓዘ፣
እንደ ሰው ተቀምጦ፣ እያላበው፣ ወንበሩን እንደያዘ።

ሐሙስ ተሳፈረ። «ወተቴስ?» አለኝ፣ ቲኬቱን ሳያሳይ።
«ደፍቼዋለሁ» አልኩት። ትከሻውን አሸት አድርጎ ትንሽ ቆየ፣ ዓይኑን ጥሎ መንገዱ ላይ።
«ያ እንጨት ይከብዳል» አለ፤ «ከአውቶቡስ ሲያዩት ነው የሚቀለው።»
«ሌላስ?» አልኩት።
«ምን ሌላ? የቄሱ ጫማ ተረከዙ አልቋል፤ መንገዱን ሙሉ ሳየው።»

መቁጠሪያው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አልደግምበትም፤ ጸሎቱንም አላውቅ።
ሳንቲም ስፈልግ ግን ጣቴን ያዝ ያደርገኛል፣
እንደ ልጅ፣ ልቀቀኝ ቢሉት የማይለቅ።

ዌንደል ወረደ። በየት እንደታጠፈ አላየሁም፤
መብራቱ አረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴ መብራት ሰው አይጠብቅም።