ሁለት ፎጣ

በካርታ ካየነው ድንበሩ ሩቅ ነው፤
ደወሌ፣ ገላፊ፣ በረሃው ጫፍ ላይ ነው።
ማታ ግን ድንበሩ ይነሣል ካለበት፤
በተሳቢ ጎማ፣ ጭቃው በደረቀበት፣
ተሳፍሮ ይመጣል አዳማ።
ጨው የነካው አቧራ፣ የናፍጣ ሽታ፣
የጅቡቲ ሲም ካርድ፣ የሦስት አገር ሰላምታ፣
ፍራንኮ ላይ ወርዶ ማደሪያ ይፈልጋል፤
እንደኔ፣ እንደ ማንም፣ ዋጋ ይጠይቃል።

ከሎጊያ የተነሣው አውቶቡስ ዘግይቶ፣
መተሐራ ሲደርስ ጎማው ፈንድቶ፣
አራገፈን ማታ፣ ሦስት ተኩል ላይ፣
ከአቧራው ብዛት ሳይታይ ሰማይ።
ሁለት ማዳበሪያ ሽቶና ልብስ ይዤ፣
ያሥራ ሁለት ሴት እቁብ መቀነት ውስጥ ጠምዝዤ።

«ርካሽ አውቃለሁ፣ ነይ» አለኝ ባለባጃጅ።
ሰው የመረጠልሽ፣ ያልጠየቅሽው አልጋ፣
ዋጋው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲመሽና ሲነጋ።
አሥራ ሰባት ዓመት ይህ መንገድ ሲያስተምረኝ፣
አልጋ አላማርጥም፤ በሩ ነው ሚያሳስበኝ።

የመጀመሪያው ቤት ቀለም ተቀብቷል፤
በሩ ግን ሦስት ጊዜ ቁልፍ ተቀይሯል።
ቁልፍ ያለ ምክንያት ሦስቴ አይለወጥም፤
«ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ፤ ዋጋም አልጠየቅኩም።
ሁለተኛው ቤት ታች ሙዚቃ ይጮሃል፤
እንዲህ ያለ ጩኸት ሌላ ጩኸት ይውጣል።

ሦስተኛው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣
አጥሩን የሸፈነው የቡገንቪል አበባ፣
እንግዳ ተቀባይዋ ሌንሴ ትባላለች፤
መታወቂያዬን ስትጽፍ አልተጣደፈችም፤
ቁልፍ ስትሰጠኝ ቁጥሩን ጮክ ብላ አልጠራችም።
አጠገባችን ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤
ሻይ በእጃቸው፣ ጆሯቸው ከኛ ጋር።

እኔም እንደ ልማዴ ውሸቴን አወጣሁ፦
«ባሌ ከኋላ ነው፤ እሱን እጠብቃለሁ፤
ሁለት ፎጣ ስጪኝ።»
ባል የለኝም እኔ፤ ኖሮኝም አያውቅ፤
በየማደሪያው ግን አንዱ ከኋላዬ አይርቅ፤
እራት አይበላ፣ አያንኮራፋ፣ አይቆጣ፤
ሥራው አንድ ብቻ፦ መሆን ሁለተኛ ፎጣ።

ሌንሴ አየችኝ፤ አንዴ ማዳበሪያዬን፣
አንዴ ባዶውን ደጅ፣ ቀጥላ ዓይኔን።
ምንም አልተናገረች፤ ሁለት ፎጣ አወጣች፤
አንዱን አጣጥፋ፣ «ይሄ ለእሳቸው» አለች።

ክፍሌ ገብቼ ወንበር ከእጀታው ሥር ሸጎጥኩ፤
ከወንበሩ ጫፍ ላይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ።
በር ከተነቃነቀ ወድቆ ይሰበራል፤
ቀለብ ከማይበላ ውሻ ማን ይሻላል?
የአጎበሩን ቀዳዳ በክር ቋጠርኩት፤
የሙቀቱን ነገር ለአዳማ ተውኩት።

ስምንት ሰዓት፣ ሌሊት፦ ኮቴ በኮሪደር።
ቆመ።
የኔም ልብ ቆመ ከብርጭቆው ጋር።
አንድ ነገር ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤
ኮቴው ተመለሰ፤ ድምፁ ግን ተለወጠ።

ቆይቶ ሌላ መጣ፤ ሁለት ሰው፣ ሹክሹክታ፣
የእጅ ባትሪ ብርሃን በበሩ ሥር ለአፍታ።
«ተው፣ ወንድ አለ» አለ አንደኛው ለሌላው፤
ደረጃው ሁለቱን አንድ ላይ ዋጣቸው።

ሲነጋ ብርጭቆውን አንሥቼ በር ከፈትሁ፤
አንድ ጥንድ ጫማ ደጄ ላይ አገኘሁ።
ቁጥሩ አርባ አራት፣ ማሰሪያው የላላው፣
ተረከዙን መንገድ ባንድ ጎን የበላው።

ሌንሴ ደረሰኝ ላይ «አንድ ሰው» ብላ ጻፈች፤
በእጄ ያለውን ጫማ እንዳላየ አለፈች።
ማን ምን እንደነገረ እኔም አልጠየቅኩም።

ግቢ ውስጥ ዘበኛው፣ አቶ ጅርኛ፣ በባዶ እግራቸው
አበባ ያጠጣሉ፤ እንቅልፍ አለ ዓይናቸው።
«ባልሽ ማልዶ ሄደ?» አሉኝ፣ ውሃውን ሳይዘጉ።
«ሄደ» አልኩ። «ጫማውን ረሳ፤ እርስዎ ያድርጉ።»