የማኅደሩ ቀለም

በአውቶብስ ሁለት ቀን መጡ ከደብረ ዘይት፣
ዐሥራ ሁለት እንቁላል፣ በጤፍ ጭድ፣ በካርቶን ቤት።
«ዘራቸው ማራን ነው» ብዬ ብነግራቸው፣
እትዬ አንጓች ቶሎ አማተቡ በእጃቸው፦
«እሱ ይማረን እንጂ! ዶሮ በዚህ ስም ይጠራል?
ደግሞ ምን ቢያበሏት እንቁላሏ እንዲህ ይከስላል?»

እኔ ግን የደጓሽ ልጅ ነኝ፤
አንድ ቀለም ነው ከልጅነት ያሳደደኝ።
የአባቴ ዳዊት ማኅደር፣ ባሕር ዐረብ ቆዳው፣
አርባ ዓመት የእጅ ላብና ወዝ የጠጣው፤
ቀይ ነው እንዳልለው የጠቆረ፣
ጥቁር ነው እንዳልለው ከሥሩ ፍም ያደረ።
ይህንን የሚመስል እንቁላል ሳስስ
ጡረታዬ አለቀ በመኖና በገብስ።

መፈልፈያ አደረግሁት ያረጀውን ፍሪጅ፣
ማቀዝቀዝ ያቃተው ለሙቀት ይበጅ!
ሁለት አምፖል ከላይ፣ ከሥር የውኃ ጣሳ፤
እኩል እንዲሞቁ ማን ያገላብጥ ሳይረሳ?
የልጅ ልጄ ትብለጥ መጣች እርሳሷን አንሥታ፣
በየቅርፊቱ ጻፈች፦ መስቀል ለጧት፣ ክብ ለማታ።

በዐሥራ ስምንተኛው ሌሊት መላው ማራኪ ጨለመ፤
ፍሪጁ በጋቢ፣ በካፖርቴ፣ በትኩስ ሃይላንድ ተሸለመ።
በሦስተኛው ቀን ጭጭታ ሰማን። ከዐሥራ ሁለቱ
አራት ወጡ፤ ስምንቱ ቀሩ ሳይከፈቱ።

ቄቦቹ ደርሰው የጣሉት ግን ምኑም አልጠቆረ፣
ደብዛዛ ጡብ መስሎ፣ በነጥብ የተዥጎረጎረ።
«ይህንንማ ትጥለዋለች የእኔዋም ገብስማ፣
ያውም ያለ ፍሪጅ» አሉኝ እትዬ፤ ዝም አልሁ፣ ባልሰማ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት የምቆጥረው በላባ ነው።
አንገቱ ልበ ወርቅ፣ ደረቱ ከሰል፣
ቅልጥሙ ባለ ሱሪ፣ እሱ ይቀራል፤
ክንፉ ላይ ነጭ ያወጣ፣ እግሩ የተራቆተ፣
ለፋሲካ ቅዳሜ ገበያ ተጎተተ።
አውራ እንቁላል አይጥልም፤ ግን የእናቱን ቀለም
በደሙ ተሸክሞ ይዞራል፤ እሱ አያውቅም።
ስለዚህ የወጣበትን ቅርፊት ቀኑን ጽፌ አኖራለሁ፤
ሰው የልደት ካርድ ይይዛል፣ እኔ ስባሪ እይዛለሁ።

አንዲት ሴት መጣች በጳጉሜን፣ ሹክ አለችኝ ከበር፦
«ነቁጥ የሌለባት ጥቁር ቄብ፤ እጥፍ ልክፈል በብር።»
ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ዐይኗን አላየሁም፤
«አንገቷ ላይ መዳብ አለባት፤ ለጌቶችሽ አትሆንም።»

በዚያው መስከረም ባለ ሱሪዋ የመጀመሪያዋን ጣለች።
ዶሮ ቀለሟን አትቆጥብም፤ ጥቁሩ ከፊት ይመጣል፣
እየጣለች ስትሄድ፣ ግንቦት ላይ፣ ሻይ በወተት ይመስላል።
ዳዊቱን ከግድግዳ አውርጄ ጎን ለጎን ባስጠጋቸው
ቆዳና ቅርፊት አንድ ሆኑ፤ ድንበራቸውን ዐይኔ አጣው።
ላኑረው ብል ይገማል፤ ላስፈልፍለው ብል ይሰበራል።
ሦስት ቀን መዳፌ ላይ ዋለ፤ ሰው እንዲህም ይቸገራል?

ፍሪጁ በገባ በሰባተኛው ሌሊት አነሣሁት፤
ደም ሥር የለ፣ ጥላ የለ፤ የስልኬ ብርሃን አልገባበት።
ያው ያሳደድሁት ጥቁረት በሩን ዘጋብኝ፣
እንደ አባቴ ፊት፤ ሕያው ይሁን ሙት፣ አልነግርህ አለኝ።

በሃያ አንደኛው ጧት ከጆሮዬ አስጠጋሁ፤
የደጓሽ መዶሻ ከሩቅ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሰማሁ።
የወጣችው ጫጩት እግሯ ራቁት፣ ሱሪ የላት፤
«ለፋሲካ ናት!» ብላ ትብለጥ ሳቀችባት።
ስባሪውን ገለበጥሁት፤ ከላይ ያ የአባቴ ቆዳ፣
ከውስጥ የተፋቀ ብራና፣ ነጭ፣ ለቀለም እንግዳ።

ትብለጥ የእርሳሷን ጫፍ ላሰች፤ ቀኑን ጻፈችበት።