ስም የሚለው ዓምድ

ትርንጎ መጣች፣ ሐሙስ ማታ፣ መብራት ሲመለስ፣
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ፣
በልጅ ካልሲ ቋጥራ ሠላሳ አንድ ነሐስ።
«አንተ የሚዛን ሰው ነህ፤ ስንት ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከአቃቂ እስከ ዱከም ኪሎ የሚያጎድሉ፣
ሥጋ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ እህል በረንዳ ሁሉ፣
ከሩቅ ሲያዩኝ ድንጋይ ይለውጡ ነበር ቶሎ ብለው።
ጡረታ ስወጣ አንድ ሚዛን ቀረችኝ፣
የወርቅ ሠሪ፣ ከምስር ያነሰ የምትለይልኝ፤
ይኸው ስድስት ዓመት የጥንት ሳንቲም አስለቀመችኝ።

ትርንጎ የሠራችው ዋዲ ሙሳ ነው፣ ከድንጋዩ ከተማ አጠገብ፣
አንድ ሽማግሌ ስታነሣ፣ ስታጥብ፣ ስትመግብ።
የመጨረሻውን ዐሥራ አንድ ወር ልጆቹ ከለከሏት፤
እሱ ግን ሊሞት ሰሞን ከፍራሹ ሥር አውጥቶ
«ይሄ ያንቺ ነው» አላት።

ሦስት ቀን በተጣራ ውኃ፣ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት።
አረንጓዴው ሲለቅ ንጉሡ ብቅ አለ፣ አጠገቡ ንግሥቲቱ፣
ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፤ በጀርባው ሁለት ቀንዶች ተቆላልፈው፣ ፍሬ የሞላባቸው።
ናባታውያን። የግመል ነጋዴዎች፣ ውኃ ደባቂዎች።

ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው፦ አራት ግራም ከምናምን፣ ሁለት ከሩብ፣ አንድ ያልሞላ።
ግን ነሐስ በእጅ ብዛት ይበላል፣ ይሳሳል፣
ትልቁ ሲያልቅ ከመካከለኛው ይመሳሰላል፤
የቀጥቃጩም ነገር እንጃ፤ ያኔም ይኖራል ኪሎ የሚያጎድል።
አንዱን ደግሞ በመሮ ከፍለውታል፣ ለመልስ፣ እኩል ለእኩል።

ስማቸውን የሚያውቅ የለም።
ዳቦ የገዛችዋን ምን ብለው ጠሯት? ትልቁንስ?
እኛ ስሙኒ እንል የለ? ትርጉሟ ስምንተኛ፣
ዋጋዋ ግን ሩብ ነበር፤ ስም እንዲህ ነው፣ ዋሾ መንገደኛ።
ቤሳ፣ መሐለቅ፣ አላድ፣ ሽልንግ፤
አባቴ ሳያይ፣ ኪሱ ውስጥ በጣቱ ይለያቸው ነበር።
እነዚህን የለየው ጣት አፈር ሆኗል።

መዝገቤ አምስት ዓምድ አለው፦ ክብደት፣ ስፋት፣ ውፍረት፣ መልክ፣ ስም።
አምስተኛው ላይ በስድስት ዓመት አንድ ፊደል አላረፈበትም።

«ስንት ነው?» አለች፣ እሑድ ስትመለስ።
«ገዢ ቢገኝ እንኳ የሁለት ወሩን አያወጣም።»
ዝም አለች። ንግሥቲቱን በጥፍሯ ጫር አርጋ፣
«ማዳሜም እንዲህ ነበረች፣» አለች፣ «ካሜራ ስታይ ባሏን የምትጠጋ።»

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋችው፣
አንዱን ትልቅ አንሥታ በመዳፏ አሞቀችው።
«ይሄ ደረጃው ነው። ስድሳ አራት ደረጃ፣ በየማለዳው፣ በእርጥብ ጨርቅ።
ይቺ፣» ትንሿን፣ «የሌሊት ሳሉ።
ይሄ ዓርብ ነው፤ ዓርብ እንግዳ ይመጣል።
ይሄ ስልኬን የወሰዱበት ቀን።»
የተከፈለውን ስታገኝ ሳቀች፤
«ይሄማ እንቅልፍ ነው! ልክ እንዲህ ነበር የሚሰጡኝ።»

ከታች የጅቡቲ ተሳቢዎች መስኮቱን ያንቀጠቅጣሉ።
እርሳሴን ቀርጬ ጻፍኩ፦
አራት ነጥብ ሁለት ግራም፣ ደረጃ።
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሳል።
ሦስት ነጥብ አንድ፣ ትልቅ ይሁን መካከለኛ ስጨቃጨቅበት የከረምኩት፣ ዓርብ።
እንቅልፍ፣ ግማሽ።

ሠላሳ አንደኛው ከሁለቱም ወገን ልሙጥ ነው፤
ንጉሥ የለው፣ ንግሥት የለው፣ ቀንድ የለው።
ብዙ ያዘችው። አውራ ጣቷ ላዩ ላይ ሲመላለስ አየሁ።
«ይሄን ተወው፣» አለች፤ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።
የቀሩትን ሳታይ ተነሥታ ወጣች።

በሩን አልዘጋሁም።
ስትወርድ፣ በዚህ ቤት ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ፣
እርምጃዋን እየተከተልኩ ደረጃውን ቆጠርኩ።
ሃምሳ አራት ነው።